የእሁዱ ጨዋታ ግብር

ግብር ሰብሳቢው ብዕሩን አንስቶ፣ «እሺ ጓድ አብዱሰመድ፣ በኳስ ግምት ገንዘቡን ያሸነፍከው በየትኛው ጨዋታ ነው?» ሲል ጠየቀው። አብዱሰመድ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ግብሩን ከፍሎ ደረሰኝ ካልያዘ፣ ባሸነፈው ገንዘብ የገዛውን የልብስ ስፌት መኪና ቀበሌው ኮንትሮባንድ ነው ብሎ ሊወርሰው ነው። ምስክር አምጣ ስለተባለም ታናሽ ወንድሙን ሸረፈዲንን ይዞ መጥቷል። ሸረፈዲን በሚሠራበት ፋብሪካ ቡድን ውስጥ በረኛ ነው።

«በእሁዱ» አለ አብዱሰመድ በቀስታ።

«ማን ያሸንፋል ብለህ?»

አብዱሰመድ ኮፍያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። በሩን አየ፤ ጣሪያውን አየ። ቤተሰቡ በሙሉ ለሸረፈዲን ቡድን ዱዓ ሲያደርግ፣ እሱ ብቻ ይሸነፋሉ ብሎ ገምቶ ነበር። ይህንንም ለማንም ትንፍሽ አላለም።

«ማን ብለህ ገመትክ ጓድ?»

«እንግዶቹ ሁለት ለዜሮ ያሸንፋሉ ብሎ ነው» አለ ሸረፈዲን፣ ወንድሙን ሳያይ። «ሁለቱም ጎሎች በእኔ ላይ ነው የገቡት። ጻፈው።»

ከዚያም ጎንበስ ብሎ በምስክርነት ፈረመ።

«ወላሂ፣ ሸረፍ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ አብዱሰመድ።

ሸረፈዲን ብዕሩን አቀበለው። «ቶሎ ፈርም» አለው፤ «ልምምድ አለብኝ።»