ሳይሞት የደረሰ ብር

ልጆቼ፣ ብር እንደ ወተት በሰባት ቀኑ መበላሸት ከጀመረ ወዲህ ማጠራቀም የሚባል ነገር ቀረ። ከጡረታዬ የተረፈችውን ሁሉ ሳሙና ስገዛባት አልጋዬ ሥር አይጥ እንኳ መግቢያ አጣች። ልሽጠው ብል ማን ይገዛኛል? የሰው ሁሉ ቤት ሳሙና ነው።

የባለቤቴን የአያልነህን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሐኪሙ የጠየቀውን ያህል ገንዘብ በአንድ ሳምንት እጃችን ገብቶ አያውቅም። ተስፋችን የሰፈሩ ዕቁብ ነበር፤ የዚያ ቅዳሜ ዕጣ ግን ለጎረቤታችን ለድንበሩ ወጣ። በሩ ተገንጥሎበት፣ ዓመት ሙሉ በመጋረጃ ሲያድር የከረመ ሰው ነው። ፊቴን አየና ብሩን እጄ ላይ አኖረው።

"በሩስ?" አልኩት።

"ሌባ ቢገባ ምን ያገኛል፣ እትዬ? ሳሙናውን ቢያቀልልኝ እመርቀዋለሁ። ይልቅ ቶሎ ይሂዱ፣ ብሩ ሳይሞት።"

ሐሙስ ዕለት የአያልነህ ፋሻ ተፈታ። ስንት ዘመን መልኬን ያላየ ሰው፣ ትክ ብሎ አየኝና፣ "አንቺ፣ አርጅተሻል እኮ" አለኝ።

ተመስገን። እንዲህ የሚጣፍጥ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።