ፊት የሚከተለው ማቆሚያ

የዘፋኞች ማናጀሯ ሌላውን ስታስተዋውቅ አንደበቷ ማር ነው። «የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሌላትን ማን ያምናል?» ተብላ ራሷን በቪዲዮ ልታስተዋውቅ ስልክ ፊት ስትቀመጥ ግን ምላሷ ተሳሰረ።

«አንቺ ብቻ አውሪ፣ እህትዓለም» አለች ታናሿ፣ ስልኩን አዲሱ ማቆሚያ ላይ እየሰካች። «ይሄ ፊት እየተከተለ ይዞራል። ፊት ካላየ ንቅንቅ አይልም።» በሩን ዘግታላት ሄደች።

ማናጀሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከጀርባዬ ማንም የለም፤ ብቻዬን ነው የምሠራው» ብላ ስትጀምር ስልኩ ከእሷ ዞሮ የተዘጋውን በር አየ።

«ርካሽ ዕቃ!» ብላ ሳቀች።

ስልኩ በሰው እርምጃ ልክ ግድግዳውን ይዞ፣ መደርደሪያውን አልፎ፣ እየዞረ ወደ እሷ ተመለሰ። ፊቷ ላይ ግን አልቆመም። ቀስ ብሎ ከአናቷ በላይ ቀና አለና እዚያው ረጋ።