ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ

ቁርጠቱ ከወገቧ ተነስቶ እንደገና ሲመጣ ጥሩወርቅ የምስክር መቆሚያውን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። ጠዋት የዋጠችው ክኒን እስካሁን ምንም አላደረገላትም። አጠገቧ የቆሙት አሮጊት በወላይትኛ እየመሰከሩ ነው፤ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ደግሞ እሷ ናት።

«እንሰቱን የተከለው ባልየው ነው» አለች ወደ ዳኛው ዞራ።

ከኋላ፣ ከአግዳሚዎቹ ላይ ጉምጉምታ ተነሳ። ከዳኛው በቀር እዚያ ክፍል ውስጥ ወላይትኛ የማይሰማ ሰው አልነበረም። ዳኛው ከሌላ ዞን ተዛውረው ወደ ሶዶ ከመጡ ገና ብዙ አልቆዩም። አሮጊቷ ያሉት በትክክል ጥሩወርቅ ጆሮ የገባው ገና አሁን ነበር። ጀርባዋን ላብ አጠመቃት።

«ይቅርታ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። እንሰቱን የተከሉት ባልና ሚስቱ ናቸው፣ ነው ያሉት።»

ጠበቃው ቦጋለ ተነሳ። የሚከራከረው ለተከሳሹ ለጩማ ነው። ጩማ ወንድሙ ሲሞት የሟቹን ሚስት ከመሬቱ አስወጥቶ እንሰቱንም ቡናውንም ይዞታል፤ ሴትየዋ በልማቱ እጇ የለበትም ባይ ነው። መሥራቷን በዓይናቸው አይተው ሊመሰክሩላት የደፈሩት፣ ከቢጠና ከተማ በኩል የመጡት እኚህ አሮጊት፣ ወይዘሮ ብርነሽ ዳልጮ ብቻ ናቸው። ቦጋለ ድምፁን ሳያነሳ አስተርጓሚዋ የምስክሯን ቃል እያረመች እንደሆነ፣ የትኛውን ማመን እንዳለበት እንዳላወቀ ተናገረ። ሌላ አስተርጓሚ ተመድቦ በሌላ ቀን ይሰማልን ሲልም አመለከተ።

ሌላ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቀበሌው የይዞታ ማረጋገጫ ሊሰጥ መሬት መለካት ጀምሯል፤ ቀጠሮው እስኪደርስ መሬቱ በጩማ ስም ተመዝግቦ ያልቃል። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ከሳሽ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ጥሩወርቅን ትክ ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይሻል ነበር።

ዳኛው ለጠበቃው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጥሩወርቅን አስጠነቀቋት። የማለችው ምስክሯ የሚናገሩትን ሁሉ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ልታስተረጉም እንደሆነ አስታወሷት። ከእንግዲህ አንድ ቃል ቢጎድል ችሎቱን አቋርጠው ቀጠሮ እንደሚሰጡ፣ እሷንም ከሥራው እንደሚያስነሷት ነገሯት።

«እሺ» አለች። ከዚያ በላይ ብትናገር ያስመልሳታል። የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቤት ብትሆን እጥፍጥፍ ብላ ትተኛለች፤ እናቷ በጋለ ጨርቅ ሆዷን ትይዝላታለች። ለአለቃዋ አሞኛል ብትለው ምንሽን ብሎ ይጠይቃታል። ስለዚህ ብላው አታውቅም።

ቦጋለ መስቀለኛ ጥያቄውን አቀረበ፤ እሷም ወደ ወላይትኛ መለሰችው። ዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ላይ ቁርጠቱ ቀስፎ ያዛትና ጎንበስ አለች። ከንፈሯን ነክሳ ቀጥ አለች።

ወይዘሮ ብርነሽ ጥያቄውን አልመለሱም። ዞር ብለው ጥሩወርቅን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ ሁለቱ ብቻቸውን የቆሙ ይመስል በቀስታ ተናገሩ።

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቦጋለ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተከለ።

«ምን አሉ?» አሉ ዳኛው።

ጥሩወርቅ ወደ አግዳሚዎቹ አየች። ጉዳዩን አይመለከትም ብትል ትችላለች። ደክሞኛል ነው ያሉት ብትልም ዳኛው አያውቁባትም። ግን ሌላው ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ቦጋለም አሁን አንገቱን ቢደፋ በኋላ ቀና ማለቱ አይቀርም። አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ አንደኛው ከአባቷ ጋር ማኅበር የሚጠጣ ጎረቤታቸው ነው። ይህን ነገር ከእናቷ በቀር ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«አስተርጓሚ፣ ምስክሯ ምን አሉ?»

ቀና አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጠርቶ ወጣ።

«‹ልጄ፣ የወር አበባሽ መጥቶ እያመመሽ ነው። እኔንም እስክወልድ ድረስ እንዲህ ይጥለኝ ስለነበር ሳይሽ አወቅኩ። እነዚህ ሰዎች ለምን አቁመው ያሠቃዩሻል? አንቺ ሳትቀመጪ እኔ አንድም ቃል አልናገርም።› ምስክሯ ያሉት ይህን ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ማንም አልሳቀም። የችሎቱ ጸሐፊ እስክሪብቶውን እንዳነሳ፣ ይጻፍ ወይስ ይለፍ በሚል ዓይን ዳኛውን ተመለከተ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጻፈው» አሉት።

ከዚያ ጠበቃውን ተቃውሞ እንዳለው ጠየቁት። ቦጋለ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ የሆነ ነገር ሊናገር አሰበና ተወው። «የለኝም» አለ። ስለ ሌላ አስተርጓሚ ያነሳውንም አልደገመም።

በሩ አጠገብ የነበረው ፖሊስ የራሱን ወንበር አምጥቶ ከኋላዋ አደረገላት። ጥሩወርቅ ተቀመጠች፤ ሆዷን በክንዷ ታቅፋ ጎንበስ አለች። ሕመሙ አልለቀቃትም፤ ግን ከዚህ በኋላ እሱን መደበቅ አልነበረባትም። የተረፈውን ጉልበቷን ለጆሮዋ ሰጠችው።

ቦጋለ ጥያቄውን እንደገና ጠየቀ፤ አላለዘበውም። ወይዘሮ ብርነሽ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው መለሱለት። ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረ፣ ፍጉን ማን እንደተሸከመ፣ ሴትየዋ እርጉዝ ሆና እንኳ እንዴት እንደኮተኮተች አንድ በአንድ ተናገሩ። ጥሩወርቅም እግር በእግር ተከተለቻቸው። እጃቸው ከባድና ሻካራ ነበር። በተናገሩ ቁጥር ድምፃቸው በዚያ እጅ አድርጎ፣ ገና ጆሮዋ ሳይደርስ፣ አጥንቷ ውስጥ ይሰማት ነበር።