ስኬልቢ እንዳይወርድ

ዘነቡ ኳስን ከዱባ የማትለይ ሴት ነበረች። ሃያ ሁለት ጎረምሳ አንዲት ነገር ሲያሳድድ ማየት የሥራ ፈት ነው ትል ነበር። ይህችው ሴት ናት እንግዲህ፣ ሄይዋርድ ከተማ፣ በልጇ ባል ሳሎን ተቀምጣ፣ ስኬልቢ ለሚባል የእንግሊዝ ቡድን ስለት የምትሳለው።

ስኬልቢ ደግሞ ስም ያለው ቢሆን ምናለ! በአራተኛው ዲቪዚዮን ከታች ተጎልቶ፣ ልውረድ አልውረድ እያለ የሚንገታገት ቡድን ነው። ሜዳው ጭቃ ነው። ከተመልካቹ ይልቅ ባለቢጫ ሰደርያ ጥበቃዎቹ ይበዛሉ።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም ነው። ኦክላንድ አንድ ክርስትና ላይ፣ ባዩ የሚባል ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ወደ ጥግ ወስዶ ሲያንሾካሹክላት ታየ። ስልኩን አውጥቶም አንድ ነገር አሳያት። ዘነቡ የያዘችውን ሳህን ሳትጨርስ ተነሳች። በማግስቱ የልጇን ባል ክንፉን ጠርታ፣ «ስኬልቢ የሚባል አለ አሉ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አውጣልኝ» አለችው።

የሐበሻ አፍ ክዳን የለውም። «ባዩ ቤቲንግ አስተምሯት ሄደ» ተባለ።

ክንፉ ኒውአርክ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ለኳስ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነው። መጀመሪያ ደስ አለው። እያደር ግን ነገሯ ግራ ገባው። ስኬልቢ ሰው አገር ሄዶ ሲጫወት ዘነቡ ጉዳዬም አትል። በሜዳው ሲሆን ግን ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ወደ ግራ ጥግ ታስጠጋለች። ድምፁንም ታስጠፋለች።

«እማማ፣ ያለ ኮሜንታተር ኳስ ምን ይጥማል?»

«የፈረንጅ ጩኸት ራሴን ያመኛል።»

ኳሷ ወደዚያ ወደ ማዶው ጥግ በሄደች ቁጥር ግን ጩኸቱ የራሷ ነው። «ዞር በል! አንተ፣ ዞር በል እንጂ!»

ክንፉ በዚያ በኩል የሚሮጠውን ቀጭን አጥቂ የምትል መሰለው። «እሱ ዞሮ መምታት አይችልም እማማ፤ ሲፈጥረው ወደፊት ብቻ ነው።»

«አንተ ዝም በል። ከስቷል። አያበሉትም መሰለኝ።»

ዝናብ ሲጥል ደግሞ፣ «ራስህን ሸፍን!»

«በኮፍያ ይጫወት?» ይላል ክንፉ እየሳቀ። እሷ አትስቅም።

የመጨረሻው ቅዳሜ መጣ። ፍሩትቬል ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዋ ፀዳለ ወደ ማኅበር ልትወስዳት ብትመጣ፣ ዘነቡ ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክላለች።

«ዛሬ አቻ ከወጡ ተረፉ» አለ ክንፉ። «ከተሸነፉ ወረዱ።»

«ቢወርዱስ? እኛ እናያቸዋለን አይደል?»

«የለም እማማ። የምንከፍልበት ቻናል ከዚህ በታች ያለውን አያሳይም። ፊኒሽድ።»

የዘነቡ ከንፈር ደረቀ። ፀዳለ ጠጋ አለቻት።

«ዘኔ፣ ቁማር ኃጢአት ነው። እስኪ ንገሪኝ፣ ምን አስይዘሽ ነው?»

«ያለኝን።»

«ወይ ጉድ! የገዛ ልጅሽን በመሐላ ዘግተሽ፣ ለፈረንጅ ልጅ ትለምኛለሽ!»

ይህን ነገር በዚያ ቤት ደፍሮ የሚያነሳ ፀዳለ ብቻ ናት። የዘነቡ ወንድ ልጅ ፍቅረማርያም ለአባቱ ቀብር ሳይደርስ ቀርቷል። ካለበት አገር ደውሎ፣ «ወረቀት የለኝም እማዬ፣ ከወጣሁ መልሰው አያስገቡኝም» ቢላት አልሰማችውም። «ከእንግዲህ ድምፅህን ብሰማ ሚካኤል ይፍረድብኝ!» ብላ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲያ ልጁ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ቢደውል፣ አንስታለት አታውቅም።

«የንስሐ አባትሽ ይፈቱሽ የለም ወይ?» አለች ፀዳለ።

«ዘነቡ የማለችውን አታጥፍም። ድምፅ አልሰማም አልኩ፣ አልሰማም። አሁን ከፊቴ ዞር በይ፣ ጋረድሽኝ።»

ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ እንደሆነ ወደ ማለቂያው ደረሰ። ክንፉ አላስችለው ብሎ ሪሞቱን አነሳና ድምፁን ለቀቀው። የሕዝቡ ሁካታ ሳሎኑን ሞላው። ዘነቡ እንደ ተወጋ ሰው ብድግ ብላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ዝጋው! ዝጋው አልኩህ!»

ክንፉ ደንግጦ አጠፋው።

ያን ጊዜ ኳሷ ወጣች። ማዕዘን ምት ሆነ፤ ለባላጋራው፣ በማዶው ግራ ጥግ። ክንፉ ራሱን ያዘ። የዘነቡ ፊት ግን እንደ ፋኖስ በራ።

«ተመስገን!»

«ኧረ ለጠላት ነው፣ እማማ!»

አልሰማችውም። ካሜራው ወደ ጥጉ ቀረበ፣ ኳሷን የሚመታውን ልጅ አጉልቶ አሳየ። እሷ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብላ፣ «ዞር በል» አለች፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ልመና ነበር። ልጁ መታ። አንድ ረጅም ሰው ከሁሉም በላይ ዘለለ፣ በግንባሩ ገጨ፣ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ፊሽካው ተነፋ። ስኬልቢ ወረደ። ክንፉ ሶፋው ላይ ተዘረረ።

«ቁማሩም አብሮ ወረደ» አለች ፀዳለ። «ተነሽ እንሂድ።»

ስትሳደብ የኖረች የዘነቡ ምላስ፣ ያን ቀን የምትሰድበው አጣች። ከዚህ ሆና ማንን ትያዝ፣ ማንን ትማጠን? በጉልበቷ ተንበርክካ መዳፏን ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ግራ ጥጉ ላይ አሳረፈች። ሥዕሉ ሊጠፋ ነው። ካሜራው የሚያለቅሰውን ሕዝብ እየዞረ ሲያሳይ ቆይቶ፣ እንደገና እዚያው ማዕዘን ላይ ደረሰ።

ከባንዲራዋ ኋላ፣ ሥራው ሕዝቡን መጠበቅ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ የቆመው ባለቢጫ ሰደርያ ዞር አለ፤ የፍቅረማርያም ጢም ሸብቷል።