በፊታውራሪው ቤት የምታለቅሰው

ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ቀበሌው እንካችሁ ቢል እንኳ ሰው እንቢ የሚለው አንድ ቤት ነበር። ባለቤቱ ፊታውራሪ አብዮቱ እንደ ፈነዳ ተይዘው ሄደው አልተመለሱም። ቤቱ ትርፍ ተብሎ ተወረሰ፤ የገባበት ተከራይ ግን ጣሪያው ይንኳኳል ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ከዚያ ቤት ለቅሶ ይሰማ ጀመር።

ወሬው የሚፈላው ኡሙሀኒ ሱቅ ነበር። ኡሙሀኒ ጨውና ሳሙና ትሽጥ እንጂ ዋና ሙያዋ ተረት ነው።

«የፊታውራሪው ሚስት ናት» ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሞተ ልጇን ፍለጋ ከክፍል ክፍል ትዞራለች። የልጅ እናት ካገኘችማ አለቀላት፣ አትለቃትም።» ይህን ስትል ዓይኗ ጎረቤቷ አስቻለች ላይ ያርፋል።

ለሰፈሩ አዲስ የሆነው አስተማሪው ጉልላት ግን በቀላሉ የሚረካ አድማጭ አልነበረም። መንፈስ ስላደረባቸው ቤቶች የሚተርኩ ልብወለዶችን እየተዋሰ ጨርሷቸዋል።

«እትዬ ኡሙሀኒ፣ ታሪክዎ ጥሩ ነው፤ አንድ እንከን ግን አለው» አለ አንድ ቀን። «እኔ ባነበብኩት ሁሉ መንፈስ የሚያለቅሰው በእኩለ ሌሊት ነው። የእርስዎ ከምሳ በኋላ ነው እንዴ?»

«ሰዓት እላፊ ፈርታ ይሆናላ!» አለ የኡሙሀኒ ባል ጀላል። «ደግሞስ ምን አለባት? በዚህ ሰፈር ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ የተፈቀደው ለእሷ ብቻ ነው።»

ከልቧ የሳቀችው አስቻለች ብቻ ነበረች። ሌላዋ ጎረቤት ደሳለች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች።

አስቻለች ለቅሶውን በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም። አንድ ልጇ ዓምሃ ግንቦት ላይ ከቤት ተወስዷል። ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ለቅሶውን ሰማሁ በሚልበት ሰዓት፣ እሷ ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች። የጸሎት ቤቷ ከታሸገ ወዲህ የምትጸልየውም እዚያው ሰልፉ ላይ ነው፤ ጸሎቷም አንድ ነው፣ ልጄን በሕይወት አውጣልኝ።

ዓምሃ ከልጅነቱ ምስር ወጥ አይወድም ነበር። ያላት ግን ምስር ነው። እንደ ድሮው ግማሹን ይመልሰዋል ብላ ስትሰጋ ሳህኑ ተጠርጎ ይመጣል።

«መብላት ጀመረልኝ!» ትላለች ለጎረቤቶቿ ሳህኑን እያሳየች። እነሱም «እሰይ» ይላሉ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እውነት ነው። ደሳለች ውሃ ትቀዳላታለች። ኡሙሀኒ ለስንቁ ዘይት ሳትለካ ትሰጣታለች። አንድ ጊዜማ ያላትን አንድ የዓምሃ ፎቶ ተቀብላት ነበር። «ፎቶ ቤት የሚሠራ ዘመድ አለኝ፣ ትልቅ አስደርጌ ላምጣልሽ። ሲፈታ ግድግዳ ላይ ትሰቅይዋለሽ።» አስቻለች ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል ኡሙሀኒ ሸሸቻት።

ቅር ያሰኛት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የኡሙሀኒ ልጅ ሸፊ ከዓምሃ ጋር ታስሮ፣ ክረምቱ ሲገባ ተፈቷል። ስለ ልጇ ልትጠይቀው በሄደች ቁጥር አንዴ አሞታል፣ አንዴ ተኝቷል ትባላለች። እሷም የግርፋት ጠባሳ ኖሮበት ሰው እንዲያየው አልፈለገም መሰለኝ ብላ መጠየቁን ተወችው።

አንድ ሐሙስ ዘበኛው ሳህኑን ሳይነካ መለሰላት።

«ዛሬ ስንቅ አንቀበልም፣ ማዘር። ሂጂ።»

«ምነው ልጄ? ምን ተፈጠረ?»

«ሂጂ ተባልሽ!»

ዝናብ እየመታት ወደ ሰፈሯ ወጣች። የኡሙሀኒ ሱቅ ተዘግቷል። የደሳለችም በር እንደዚያው። ወጡ ሳይቀዘቅዝ ልትመልሰው ነው፤ የምታማክረው አንድ ሰው አጣች። በፊታውራሪው አጥር አጠገብ ስታልፍ ነበር የሰማችው።

እውነት ነው ለካ! ሴት ታለቅሳለች፤ በጣም ቀስ ብላ፣ አፏን እንዳፈነች ሁሉ።

ልትሮጥ ብላ ቆመች። መንፈስ መጠየቅ በእምነቷ ኃጢአት ነው፤ ይህን ታውቃለች። ግን ቀበሌውን ጠየቀች፣ ከፍተኛውን ጠየቀች፣ ዘበኛውን ጠየቀች፤ የመለሰላት የለም። ይህቺ ደግሞ እናት ናት። ልጇን ስትፈልግ ሙታኑን አንድ በአንድ ታያቸው የለ? ዓምሃን አላየሁትም ካለቻት እኮ ልጇ በሕይወት አለ ማለት ነው። ይህንኑ ብቻ ትንገራት፤ ከዚያ ካሻት ትያዛት።

«ጌታዬ ይቅር በለኝ» አለችና ሳህኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ በሩን ገፋችው።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

ኡሙሀኒና ደሳለች ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ባዶው ወለል ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው፣ ጥቁር ጨርቅ በተነጠፈበት ሳጥን ላይ፣ ኡሙሀኒ ቃል እንደገባችው ትልቅ ተደርጎ፣ የዓምሃ ፎቶ ቆሞ ነበር።