ከወንበር መነሳት

ክቡራትና ክቡራን፣ አባፎጊ ከወንበር ሊነሱ ነው።

ተነስተው እስከ በሩ ሄደው፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። እጅ መደገፍ ክልክል ነው። የዚህ የአማን ከተማ ክሊኒክ ጤና መኮንን ይሄይስ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል፤ ዳኛ ለመሆን የቀረው ፊሽካ ብቻ ነው።

ለአባፎጊ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሰሞኑን ደጋግመው ወድቀዋል። ልጃቸው ባህሪያ፣ ዛሬ ይህን ፈተና ካልቻሉ ቤቱን ቆልፋ ወደ ቴፒ ልትወስዳቸው ቆርጣለች። ከቻሉ ሚዛን ከተማ፣ ሚስታቸው በኖረችበትና በሞተችበት ቤት ይቀራሉ። ለዚህ ሲሉ ጓሮ ውስጥ ከበርጩማ ሲነሱና ሲቀመጡ ሰነበቱ፤ ጎረቤታቸው ዘይቱና፣ "ሰውዬው ውትድርና ሊገቡ ነው እንዴ?" እስክትል ድረስ።

"ሽንት ያስቸግርዎታል አባቴ?" አለ ይሄይስ።

"አልሐምዱሊላህ። ምንም።"

"መስጊድ ለምን ተውክ ታዲያ?" አለች ባህሪያ።

"እግሬን እያመመኝ።"

"ቅድም 'እግሬ ብረት ነው' አላልክም?"

ይሄይስ ሳቀ። ከዚያ ፊታቸውን ጠጋ ብሎ አየ። "ከንፈርዎ ደርቋል። ውሃ አይጠጡም እንዴ?"

አይጠጡም። ከጠጡ ለሶላት የታጠቡት ውዱእ አይቆይላቸውም፤ መስጊድ ከሰው ጋር ተሰልፈው ሳሉ ነው ሽንቱ የሚያመልጣቸው። ይህን ደግሞ ለማን ይናገሩታል? ይሄይስ በትልቁ ኩባያ ውሃ ሲሰጣቸው፣ ጤነኛ ሰው እንደሚጠጣው ግጥም አድርገው ጠጡ።

የደም ግፊት ተለካ። ዓይን ታየ። መድኃኒቶቻቸው ከፌስታል ወጥተው አንድ በአንድ ተጠየቁ። ሽንታቸው መጣ። "ሽንት ቤት የት ነው?" ማለት ፈተናውን መውደቅ መሰላቸው። ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙት።

"በሉ አባቴ፣ አሁን ይነሱ።"

ጉልበታቸው ታዘዘ። ከወንበሩ ገና ብድግ ከማለታቸው ግን ሙቀቱ መጣ፤ በጭናቸው ወርዶ ሽርጣቸውን አራሰው። ቁጭ አሉ። ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ።

"አባ! ወላሂ ትናንት እንደ ጎረምሳ ስትነሳ አይቼሃለሁ። ተነስ እንጂ!"

ሙቀቱ እየቀዘቀዘ ነው። በሩ ቅርብ ነው።

"አልነሳም።"

"ካልተነሳህ እኮ ቴፒ ነው!"

"ይሁን። ቴፒ።"

"ለምን? ምን ሆነህ ነው?"

"አልነሳም አልኩሽ። በቃ።"