ስሙን ያልተናገረው ድምፅ

«በምን ነበር ሰፈርተኛው አባትዎ ላይ የሚያሾፈው?» ትላለች ጣጣ፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፈች።

እንግዳዋ ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ታያለች። ዕድሜዋ አርባን ሳያልፍ አይቀርም፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣለች። ወደ ሬዲዮ ጣቢያችን የድምፅ ማህደር ስትመጣ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ሁለቱን ጊዜ ባዶ እጇን የመለስኳት እኔ ነኝ። አባቷ የሞተው እሷ ሳትወለድ ነው። አንድ ቀን በሬዲዮ ተናግሮ እንደነበር እናቷ ነግራታለች፤ ከእሱ የቀረ ሌላ ድምፅ የለም።

«ቀኑንና የፕሮግራሙን ስም ካላወቁ አይገኝም» ነበር ያልኳት። አልዋሸሁም። የድሮው መዝገባችን የሚያውቀው ይህንኑ ነው፦ የካሴት ቁጥር፣ ቀን፣ ፕሮግራም፣ አዘጋጅ። ለአንድ ካሴት አንድ መስመር፣ አለቀ።

ያንን መዝገብ ያፈረሰችው ጣጣ ናት። ስሙን ያወጣንላት እኛው ነን፤ ሥራ የሚበዛብን ሁልጊዜ በእሷ በኩል ስለሆነ። ከአራት ዓመት በፊት አለቃችን «መዝገቡን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ገልብጪው» ሲላት «እንዳለማ ከገለበጥኩት ጨለማውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማዛወር ነው» አለችው። ካሴቱ ለብቻው፣ ድምፁ ለብቻው ይመዝገብ ብላ ሙጭጭ አለች። በአንድ ካሴት አሥር ሰው ከተናገረ አሥር መስመር ይኑር፤ «አቤት» ብሎ ያለፈ እንኳ የራሱ ቦታ ይሰጠው። ሥራው ምንድን ነው፣ አነጋገሩ እንዴት ነው፣ ከጀርባው ምን ይሰማል፣ ሁሉም ይጻፍ።

ካሴቶቹን የማጫውት ቴክኒሺያን እኔ ነኝና መከራው የወረደው በእኔ ላይ ነው። «እትዬ፣ ከጀርባ የጮኸ ዶሮ ማን ይፈልጋል?» እላት ነበር።

«የዶሮው ባለቤት» ትለኛለች፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወርድ።

የመፈለጊያውን ገጽም እንደዚሁ አደረገችው። ቀን ግዴታ አይደለም። የትኛውንም ሳጥን ባዶ መተው ይቻላል። ሰው እኛ ባስቀመጥንበት ስም አያስታውስም፤ እሱ በሚያስታውሰው በኩል ይግባ ትላለች።

«በሬዲዮ ከተናገረ በኋላ አባቴን ‹ሬዲዮ› ነበር የሚሉት» ትላለች እንግዳዋ። «ሬዲዮ መጣ፣ ሬዲዮ ሄደ።»

«ብዙ ስለተናገረ ነው?»

«ኧረ ምን በወጣው! አፉን ሳይከፍት አለቀ ብለው ነው የሚስቁበት።»

ጣጣ «ከአንድ ደቂቃ በታች» የሚለውን ትመርጣለች። «ሥራውስ ምን ነበር?»

«ውሃ ፓምፕ ላይ።»

ሰባ አራት ድምፆች ወጡ።

«አነጋገሩን እናትዎ ነግረውዎታል?»

«ይጮሃል አሉ። ሞተር ሥር ስለሚውል ቤት ገብቶም ይጮህ ነበር። ‹ጎረቤት ሁሉ የተጣላን ይመስለው ነበር› ትላለች እናቴ።»

«ይጮሃል»፤ አሥራ አንድ። «ከጀርባ ሞተር»፤ አራት። ጣጣ መነጽሯን አስተካክላ እንግዳዋ የተወለደችበትን ዓመት ትጠይቃለች። አራቱን አንድ በአንድ አየችና ከዚያ ዓመት በኋላ የተቀዱትን ሦስቱን ተወቻቸው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቀረ፦ የፓምፕ ሠራተኛ፣ ወንድ፣ ስሙን አልተናገረም፣ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ፣ መጨረሻ ላይ ይስቃል።

በድሮው መዝገብ ቢሆን ይህ ሰው «የውሃ ችግር፣ ክፍል ሁለት» ከሚል ርዕስ ሥር ተቀብሮ በቀረ ነበር። ከጣጣ ጋር ሠላሳ ሺህ ድምፅ ሰምተናል፤ እሱን ያጫወትኩበትን ቀን አላስታውስም። በዚያም ቀን ሳላጉረመርም አልቀርም።

«ላይሆን ይችላል» ትላለች ጣጣ በቀስታ። «የሚያውቁት እናትዎ ብቻ ናቸው።»

እናትየው ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ቤት ናቸው። እንግዳዋ ደውላ ስልኳን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ታስቀምጣለች። ጣጣ ቅጂውን አስነሳችው።

ሞተር ያጓራል። ጋዜጠኛው «ስምዎን ማን ልበል?» ይላል።

«ስሜ ምን ያደርግልሃል!» ይጮሃል አንድ ወንድ። «ውሃው ላይኛው ሰፈር ደርሷል ወይ? እሱን ጠይቅልኝ!»

«ደርሷል ይላሉ።»

«እንግዲያው ምን ቀረ!» ሳቁ ከሞተሩ በላይ ይሰማል። ከዚያ ቀጥ።

ጆሮዬን ወደ ስልኩ አዘነበልኩ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል! ጆሮዬን!» አሉ እናትየው፣ አሁን በር ከፍቶ የገባ ሰው እንደሚቆጡ ሁሉ።

ጣጣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ መነጽሯን ትጠርጋለች። ይህችን ሴት አራት ዓመት ሙሉ ጣጣ ስላት ኖሬያለሁ። አሁን ግን በዚያ ስም ልጠራት አልወደድኩም።

እንግዳዋ አታለቅስም። ስክሪኑን ትኩር ብላ እያየች «እናቴ ‹አባትሽ› ባለች ቁጥር የሚታየኝ አንድ ሽማግሌ ነበር» ትላለች። «ልጅ ነው እኮ። ከእኔ ያንሳል።»

ማንም ሳይጠይቃት ጣጣ እንደገና ታስነሳዋለች። እንግዳዋ ጆሮዋን ወደ ማጉያው አስጠግታ፣ የታናሽ ወንድሟን ጉራ እንደምትሰማ እህት፣ ፈገግ ብላ ታዳምጠዋለች።